ከጉና እስከ ፎገራ፦ የውኃ ወፎችንና ትናንሽ ዘር በል ወፎችን ሊነጻጸር በሚችል መንገድ ስለ መቁጠር

አህጽሮተ ጽሑፍ

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ደጋዎችና በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚካሄድ የወፍ ምልከታ ብዙ ጊዜ የዝርያ ዝርዝር በማዘጋጀት ያበቃል። ዝርዝር ግን አንድ ዝርያ መኖሩን እንጂ መብዛቱን ወይም መመናመኑን አያሳይም። ይህ አጭር ጽሑፍ ከጉና ተራራ እስከ ፎገራ ሜዳ ያለውን የተፋሰስ መስመር መነሻ በማድረግ፣ የውኃ ወፎችንና ትናንሽ ዘር በል ወፎችን ለመለየትና ለመቁጠር የሚያስፈልገውን ጥንቃቄ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ፣ ቆጠራ ዋጋ የሚኖረው ከሌላ ጊዜ ቆጠራ ጋር ሊነጻጸር ሲችል ነው የሚል ነው። ለዚህም ዝርያን በትክክል መለየት፣ የምልከታውን ልፋት መመዝገብ፣ የወቅቱን መቁጠሪያ መከተልና «አልታየም» የሚለውንም ውጤት እንደ መረጃ መያዝ እንደሚገባ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ የውኃ ወፎች፣ ዘር በል ወፎች፣ ጉና፣ ፎገራ፣ ጣና፣ የቤተ ክርስቲያን ደን፣ የቆጠራ ዘዴ

1. መግቢያ

በመካነ ኢየሱስና በዙሪያው ስለ ወፍ የሚነሳ ወግ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሐሳብ ይቋጫል፤ ድሮ የነበረው ዛሬ የለም የሚል ነው። ይህ አባባል እውነት ሊሆን ይችላል። ሆኖም የትኛው ወፍ፣ የትኛው ወንዝ ዳር፣ በየትኛው ወር፣ ከስንት ወደ ስንት እንደ ቀነሰ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ መዝገብ አይገኝም። መዝገብ በሌለበት ደግሞ የውኃና የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ሲወሰን ስለ ወፎች የሚቀርበው ሐሳብ ከስሜት አልፎ ክብደት አያገኝም።

ጉድለቱ የሌሎች ብቻ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የመጀመሪያ የመስክ ማስታወሻ ደብተር «ዳክዬ፣ ብዙ፤ ትናንሽ ወፎች፣ በጣም ብዙ» የሚል መስመር ይዟል። ሰዓቱ አልተጻፈም፤ ምን ያህል ጊዜ እንደ ታየ፣ ከየት ቆሞ እንደ ታየ፣ የትኛው የዳክዬ ዝርያ እንደሆነ አልተመለከተም። ያ ገጽ ከዓመታት በኋላ ለማንም ምንም አይነግርም። ይህ ጽሑፍ የተነሳው ከዚያ ገጽ ነው። ዓላማውም በተመሳሳይ አካባቢ ለሚሰማሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ተመሳሳዩን ስሕተት ማስቀረት ነው።

2. አካባቢው፦ አንድ ተፋሰስ፣ ሦስት መኖሪያ

ጉና በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት መካከል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ ተራራ ነው። በአናቱ ጓሳ ሣር፣ ጅብራና አስታ ይበቅላሉ፤ ከሥራቸው ረግረጋማ መስኮችና ምንጮች አሉ። የጉማራና የርብ ወንዞች ከዚህ ተራራ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ፤ በፎገራ ሜዳ አልፈውም ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለውና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ውኃው ጥልቀት ስለሚጎድለው ዳርቻው በክረምት ርቆ ይሰፋል፤ በበጋ ደግሞ ይሸሻል። ሸሸርና ወለላ የሚባሉት የፎገራ ረግረጎች ሕይወታቸው የተመሠረተው በዚህ መስፋትና መሸሽ ላይ ነው።

በእነዚህ በሁለቱ ጫፎች መካከል ሦስተኛ መኖሪያ አለ፤ እርሱም ደን ነው። በወረታና በደብረ ታቦር መካከል ያለው የዓለም ሳጋ ደን ከቀሩት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ሲሆን፣ ከእርሱ ሌላ የአካባቢው ጥንታዊ ዛፎች በብዛት የሚገኙት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨታማ ዕፅዋት ዝርያዎችን መመዝገባቸው፣ እነዚህ ትናንሽ የደን ደሴቶች ምን ያህል ሀብት እንደ ያዙ ያመለክታል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ብሳና ከእርሻና ከባሕር ዛፍ መካከል ተለይተው የሚታዩት በእነዚህ ስፍራዎች ነው።

የአካባቢው ጠቀሜታ በጽሑፍ ያልታወቀ አይደለም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር በአገሪቱ 69 ለወፎች ጠቃሚ የሆኑ ስፍራዎችን ለይቷል፤ ጉና፣ ፎገራና ጣና ከእነዚህ መካከል ናቸው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ሪዘርቭ አድርጎ መዝግቦታል። እውቅናው አለ፤ የጎደለው በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚሰበሰብ ቁጥር ነው።

3. ከመቁጠር በፊት መለየት

3.1 የውኃ ወፎች

በዕለት ተዕለት ንግግር «ዳክዬ» የሚለው ቃል ብዙ ዝርያዎችን በአንድ ላይ ያቅፋል። ለአጥኚ ግን ልዩነቱ መሠረታዊ ነው፤ ከእነዚህ ዝርያዎች ከፊሎቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖሩ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የበጋ እንግዶች ናቸውና። ነዋሪው ቢጫ መንቁር ዳክዬ (አናስ ኡንዱላታ) ከደጋ ኩሬ እስከ ሐይቁ ዳርቻ ይታያል፤ ደማቅ ቢጫ መንቁሩ ከሩቅ ይለየዋል። ከመስከረም ጀምሮ የሚመጡት ሹል ጅራትና ማንኪያ መንቁር ዳክዬዎች እስከ መጋቢት ገደማ ይቆያሉ። ሹል ጅራቱ በረጅም አንገቱ፣ ማንኪያ መንቁሩ ጫፉ በሰፋው መንቁሩ ይታወቃል። የሁሉም እንስቶች በደፈናው ቡናማ ስለሆኑ፣ ላባቸውን ብቻ አይቶ መወሰን አያዋጣም፤ የመንቁርን ቅርጽና የክንፍን ቀለም መመልከት ያስፈልጋል።

የነዋሪውና የእንግዳው ቁጥር ከተደባለቀ ትርጓሜውም ይደባለቃል። የሹል ጅራት ዳክዬ ቁጥር ቢቀንስ ምክንያቱ በሩሲያ የመራቢያ ስፍራ ወይም በጉዞ መስመሩ ላይ ሊሆን ይችላል። የቢጫ መንቁር ዳክዬ ቁጥር ቢቀንስ ግን መልሱን መፈለግ ያለብን እዚሁ በራሳችን ረግረግ ነው። «ዳክዬ፣ 300» የሚል መዝገብ ይህን ልዩነት ይቀብረዋል።

ከዝይዎች መካከል የተለየ ትኩረት የሚገባው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ (ሲያኖቼን ሲያኖፕቴራ) ነው። ይህ ወፍ መኖሪያው የኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። በወንዝ ዳርና በረግረግ ሣር ላይ ይግጣል፤ ጎጆውን በሣር ጉጥ መካከል በመሬት ላይ ይሠራል። ሲራመድ አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን በጀርባው ላይ የሚያሳርፍበት ልማድ አለው። ክንፉን ካልዘረጋ ሰማያዊው ቀለም ብዙም ስለማይታይ፣ ከሩቅ ያየው ጀማሪ የግብፅ ዝይ ነው ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። የግብፅ ዝይ ግን በዓይኑ ዙሪያ ጥቁር ቡናማ ክብ አለው፤ እግሩም ረዘም ይላል። በሜዳው ላይ የሚገኘው ትልቁ ባለ እሾህ ክንፍ ዝይ ደግሞ በጥቁር ላባውና በቀይ መንቁሩ ከሁለቱም ይለያል።

ክሬን የሚባሉትን ወፎች ከሽመላ ጋር ማምታታት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለቱም ሲበሩ አንገታቸውን ይዘረጋሉ። ክሬን ግን በበረራ ላይ እንደ መለከት ያለ ድምፅ ያሰማል፤ ቆሞ ሲታይም በጅራቱ ላይ የተንዠረገገ የክንፍ ላባ አለው። በሺዎች የሚቆጠሩ የአውሮፓ ክሬኖች (ግሩስ ግሩስ) በጣና ዙሪያ ይከርማሉ። ከእነርሱ ጋር ነዋሪዎቹ ጥቁር ዘውድ ክሬንና ባለ እንጥልጥል ክሬን ስለሚገኙ፣ መንጋውን በአንድ ስም መዝግቦ ማለፍ አይገባም።

3.2 ትናንሽ ዘር በል ወፎች

«ድንቢጥ» የሚለው ስም የሚሸፍነው ወሰን ከ«ዳክዬ» ይበልጥ ሰፊ ነው። በአንድ የገብስ ማሳ ዳር የአራት ቤተሰቦች ወፎች አብረው ሊለቅሙ ይችላሉ፤ እውነተኛ ፊንቾች፣ ቀይ መንቁር ካላቸው የእሳት ወፎች ወገን የሆኑ፣ ሸማኔ ወፎችና የቤት ድንቢጦች ናቸው። ሁሉም ዘር ለመፈልፈል የሚያገለግል አጭርና ወፍራም መንቁር ስላላቸው ይመሳሰላሉ። መመሳሰላቸው ግን የምግባቸው ተመሳሳይነት ውጤት እንጂ የቅርብ ዝምድና ማስረጃ አይደለም።

በደጋው ላይ ለጀማሪ ጥሩ መለማመጃ የሚሆኑት ሦስት ፊንቾች ናቸው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ጥቁር ራስ ፊንች (ሴሪኑስ ኒግሪሴፕስ) ነው፤ ወንዱ ጥቁር ራስና ቢጫማ ሆድ አለው፤ በከፍተኛ ሣር መሬትና በኮሸሽላ ላይ በመንጋ ይለቅማል። መኖሪያው በኢትዮጵያ የተወሰነ ነው። ሁለተኛው ደረቱ በጥቁር ቡናማ ሰረዝ የተሞላው ክሪታግራ ስትሪዮላታ ነው። ሦስተኛው ክሪታግራ ትሪስትሪያታ ሲሆን ቡናማና ሰረዝ አልባ ደረት አለው፤ በከተማ አጥርና በግቢ አትክልት ውስጥ ሳይቀር ይታያል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ከዓይናቸው በላይ ነጭ ቅንድብ ስላላቸው ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቅንድቡ ሳይሆን ደረቱ ነው።

እነዚህን ሦስቱንም ፊንቾች፣ ሰማያዊ ክንፍ ዝይንም ጨምሮ፣ ለሳይንስ የገለጻቸው በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በጎንደርና በሰሜን ኢትዮጵያ የተጓዘው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል። የወፎቹ ስም ከታወቀ ይህን ያህል ጊዜ ቢሆንም፣ በአንድ የጉና ሸንተረር ላይ በየዓመቱ ስንት እንደሚገኙ የሚያሳይ ተከታታይ መዝገብ መጀመር የእኛ ትውልድ ሥራ ሆኖ ቀርቷል።

4. የቆጠራ ሥርዓት

4.1 ወቅት

የዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967፣ የአፍሪካው ደግሞ በ1991 ተጀምሯል። ዋናው የቆጠራ ጊዜ ጃንዋሪ፣ ማለትም ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ነው። በዚህ ጊዜ እንግዶቹ ወፎች በክረምት መኖሪያቸው ረግተው ስለሚቆዩ አንዱን መንጋ ሁለት ጊዜ የመቁጠር ዕድል ይቀንሳል። በእኛ አካባቢ ግን አንድ ነገር መታወስ አለበት። ጥምቀት የሚውለው በዚሁ ጊዜ ነው፤ ታቦታት ወደ ውኃ ዳር ሲወርዱና ሕዝብ ሲሰበሰብ ወፎች ቦታ ይለቃሉ። ስለዚህ በከተራና በጥምቀት ሰሞን የተቆጠረ ቁጥር ከሌላ ዓመት ተራ ቀን ጋር መነጻጸር የለበትም።

ለዘር በል ወፎች አንድ ቆጠራ አይበቃም። ገብስና ጤፍ ሲደርስ በማሳ ዳር ይከማቻሉ፤ ከአጨዳ በኋላ በቃርሚያ ላይ ይበተናሉ፤ በክረምት ብዙዎቹ ለመራባት ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ። በትንሹ በመኸር፣ በበጋና በክረምት መቁጠር ያስፈልጋል።

4.2 መንገድ

የውኃ ወፎች በመንጋ ሲሆኑ በክፍልፋይ መቁጠር የተሻለ ነው። በመጀመሪያ አሥር ወፍ ተቆጥሮ የሚይዘው ስፋት በዓይን ይለካል፤ ከዚያ መቶ ምን ያህል እንደሚሆን ይገመትና መንጋው በዚያ ልክ ይከፋፈላል። የሰው ዓይን ትላልቅ መንጋዎችን አሳንሶ ይገምታል፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ቆጥረው ሁለቱንም ቁጥር መመዝገብ ይገባቸዋል። ክሬኖች ቀን በማሳ ላይ ተበታትነው ይውሉና ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ ማደሪያቸው ከታወቀ በኋላ ሲገቡ ወይም ማለዳ ሲወጡ መቁጠር በየማሳው ከመዞር ይሻላል።

በደንና በሣር መሬት ለትናንሽ ወፎች የሚመቸው የነጥብ ቆጠራ ነው። አጥኚው ከተመረጠው ነጥብ ደርሶ ወፎቹ እስኪረጋጉ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ከዚያም ለ10 ደቂቃ ያየውንና የሰማውን ከግምታዊ ርቀት ጋር ይመዘግባል። በነጥቦች መካከል ቢያንስ 200 ሜትር መኖር አለበት። ብዙ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ከዚህ የሚያንሱ ስለሆኑ በአንድ ደን አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ብቻ ይገባል። ናሙናው መብዛት ያለበት በደን ውስጥ ሳይሆን በደኖች ቁጥር ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለመግባት አስቀድሞ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ ግዴታ ነው። ለወፍ ቆጠራ የሚመቸው ማለዳ ብዙ ጊዜ የቅዳሴም ሰዓት ነውና ቀኑን ከእነርሱ ጋር ተመካክሮ መወሰን ይገባል። ይህ ለሥርዓቱ አክብሮት መስጠት ብቻ ሳይሆን ለመረጃው ጥራትም ይጠቅማል፤ ምእመናን በሚወጡበትና በሚገቡበት ሰዓት የተገኘ ቁጥር ጸጥ ባለ ቀን ከተገኘው ጋር አይነጻጸርምና።

4.3 ልፋትና ባዶ ውጤት

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ አጥኚ አምና በአንድ ረግረግ ዳር በአራት ሰዓት ጉዞ 120 ቢጫ መንቁር ዳክዬ ቆጠረ እንበል። ዘንድሮ በሁለት ሰዓት 60 ቆጠረ። ሁለቱ ቁጥሮች ብቻቸውን ቢቀርቡ ዳክዬው በግማሽ ቀነሰ ያሰኛሉ። በሰዓት ሲሰላ ግን ሁለቱም 30 ናቸው። የቀነሰው የአጥኚው ልፋት ነው። ረግረጉ በሙሉ በሁለቱም ዓመት ታይቶ ከሆነ ደግሞ የሰዓቱ ስሌት አይሠራም፤ ያን ጊዜ የሚነጻጸረው ጠቅላላ ቁጥሩ ነው። ስለዚህ የታየው ስፍራ ወሰን፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሰዓት፣ የተመልካቾች ቁጥር፣ የመነጽሩ ዓይነት፣ ነፋስና ጭጋግ አብረው ካልተመዘገቡ አንባቢው ከሁለቱ ትርጓሜዎች የትኛውን እንደሚይዝ ሊያውቅ አይችልም።

ባዶ ውጤትም ውጤት ነው። በአንድ የጉና ምንጭ ዳር ተሂዶ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ካልታየ «0» ተብሎ መጻፍ አለበት። ብዙ ማስታወሻዎች የታየውን ብቻ ስለሚይዙ፣ ከዓመታት በኋላ የሚያነብ ሰው ወፉ ጠፍቶ ይሁን አጥኚው ሳይሄድ ቀርቶ መለየት አይችልም። አንድ ዝርያ ከአንድ አካባቢ መጥፋቱን ሊመሰክር የሚችለው በሥርዓት የተጻፈ ዜሮ ብቻ ነው።

5. ውይይት

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? መልሱ በተፋሰሱ ላይ እየተካሄደ ባለው ለውጥ ውስጥ ይገኛል። ፎገራ ቀድሞ የሚታወቀው በከብቱና በግጦሹ ነበር። ሩዝ በደርግ ዘመን በአምራች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ከገባ ወዲህ ሜዳው የአገሪቱ ዋና የሩዝ ስፍራ ሆኗል። ውኃ ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ በቀሪው እርጥበት ይዘራሉ፤ ሽንኩርት በፓምፕ ይጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ ጥልቀት የሌላቸውን ዳርቻዎች ወርሯል። በላይኛው ጫፍ፣ በጉና፣ ገብስና ድንች ወደ ሣር መሬቱ ይወጣሉ።

ይሁን እንጂ እነዚህ ለውጦች ሁሉ ለሁሉም ወፎች ጎጂ ናቸው ብሎ መደምደም ያለ ማስረጃ መናገር ነው። ከአጨዳ በኋላ በማሳ የሚቀረው እህል ለክሬኖችና ለዝይዎች ምግብ ይሆናል። በአንጻሩ ረግረጉ ከጥር በፊት ከደረቀ ክሬኑ የሚያድርበት ውኃ ያጣል፤ ምግብ ተርፎ ማደሪያ ይጎድላል ማለት ነው። ለገበሬውም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ግሪሳ ወፍ (ኬሌያ ኬሌያ) በመጣበት ዓመት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይዘው ከንጋት እስከ ምሽት ይውላሉ፤ ከትምህርት ገበታቸው የሚቀሩም አሉ። ከመራቢያ ወቅት ውጭ ያለ ግሪሳ ከሌሎች ሸማኔ ወፎች እንስቶች ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ስለዚህ መለየትን የማያውቅ ቆጣሪ ምንም የማይጎዳውን መንጋ ግሪሳ ብሎ ሊያስመዘግብ፣ እውነተኛውን ግሪሳም «ድንቢጥ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የመጀመሪያው ስሕተት ንጹሐን ወፎችን፣ ሁለተኛው ሰብልን ያስከፍላል። ጥንቃቄ የተሞላበት መለየት ለወፉም ለገበሬውም የሚበጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ተፋሰሱን እንደ አንድ መስመር መያዝም የራሱ ጥቅም አለው። የጉና ረግረግ ውኃ የመያዝ አቅሙ ሲዳከም የጉማራና የርብ የበጋ ፍሰት ይነካል፤ ፍሰቱ ሲነካ የፎገራ ረግረግ የሚደርቅበት ጊዜ ሊቀድም ይችላል። ሰማያዊ ክንፍ ዝይ በላይ፣ ክሬን በታች በአንድ ዓመት ውስጥ በተመሳሳይ ሥርዓት ቢቆጠሩ፣ ይህ ግምት በቁጥር ሊፈተን የሚችል መላ ምት ይሆናል። ለየብቻ የተደረጉ ሁለት ጥናቶች ግን፣ እያንዳንዳቸው የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ፣ ጥያቄውን ማንሣት እንኳ አይችሉም።

የደኑ ጉዳይ በመጠኑ ይለያል። ዘር በል ወፎች ዘሩን ፈልፍለው ስለሚበሉት እንደ ፍሬ በል ወፎች ዘር አሰራጮች ተደርገው ሊወሰዱ አይገባም፤ አብዛኞቹም ከደኑ መሐል ይልቅ ጠርዙን ይመርጣሉ። ስለዚህ የእነርሱ ቁጥር በደን ጠርዝ መጨመሩ የደኑ ጤንነት ማስረጃ ላይሆን ይችላል፤ ምናልባትም ደኑ እየተሸረሸረ ጠርዙ እየበዛ የመምጣቱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ቁጥር ከመኖሪያው ባሕርይ ጋር ካልተነበበ ክፉውን ዜና በጎ አድርጎ ያቀርባል።

6. ማጠቃለያና አስተያየት

የወፍ ምልከታ የሚጠይቀው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ መነጽር፣ ሰዓት፣ ደብተርና ትዕግሥት ናቸው። የሚጠይቀው ሥርዓት ግን ቀላል አይደለም። ከላይ በቀረበው ትንታኔ መሠረት የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ በአካባቢው የሚሠራ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት የመስክ ቅጹን፣ የነጥቦቹን ትክክለኛ ስፍራና ጥሬ ቁጥሩን በአባሪነት ቢያያዝ፣ የሚቀጥለው ተማሪ በእዚያው ነጥብ ቆሞ ሊቆጥር ይችላል። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ አዲስ ስፍራ ከመፈለግ ይልቅ ጥቂት ነጥቦችን በጉና፣ በዓለም ሳጋ፣ በተመረጡ የቤተ ክርስቲያን ደኖችና በሸሸርና ወለላ ወስኖ መመላለስ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ የወፎች የአማርኛ ስም በየአካባቢው እንዴት እንደሚነገር ከገበሬዎችና ከእረኞች ተሰብስቦ ከሳይንሳዊ ስሙ ጋር ቢጣመር፣ የአገሬው እውቀት ወደ መዝገብ የሚገባበት በር ይከፈታል። እረኛ የሚያውቀውን ወፍ አጥኚው በስሙ ካልጠራው ሁለቱ መነጋገር አይችሉም።

«ድሮ ነበር፤ ዛሬ የለም» የሚለው ወግ በእኛ ዘመንም ይቀጥል ይሆናል። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ የሚናገር ሰው ግን ቢያንስ የትኛው ወፍ፣ የት፣ ከስንት ወደ ስንት የሚለውን ከደብተር አውጥቶ ማሳየት እንዲችል ማድረግ ይቻላል። ለዚያ የሚያስፈልገው መዝገብ መጀመር ያለበት በመጪው ጥር ነው።